ጎንደር ላይ ቤት ሆናችሁ ኦንላይን ልትማሩ ካሰባችሁ፦ ከመክፈላችሁ በፊት ጀምሮ እስከ ፈተናው ቀን

ኦንላይን ትምህርት ጀምረው ሦስተኛ አራተኛ ሳምንት ላይ የሚያቆሙ ልጆች እዚህ ጎንደር በጣም ብዙ ናቸው፣ ብዙዎቹ ደሞ ጎበዞች ናቸው። ትምህርቱ ከብዷቸው አይደለም የሚያቆሙት። መብራት፣ ዳታ፣ የቤት ውስጥ ስራና የፈረንጅ ሰዓት ነው የሚጥላቸው፣ ይሄን ደሞ ከመመዝገባቸው በፊት የሚነግራቸው ሰው የለም። ስለዚ ከታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ሂዱባቸው፣ አትዝለሉ፣ በተለይ ደረጃ 3ን ሳትጨርሱ አንድ ብር እንዳትከፍሉ።

ደረጃ 1፦ የምትፈልጉትን ለዩ

ኦንላይን የሚባለው ሁሉ አንድ አይነት አይደለም።

ክህሎት ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት (ኮዲንግ፣ ዲዛይን፣ እንግሊዝኛ፣ ኤክሴል ምናምን) ዲግሪ ውስጥ አትግቡ፣ ነጻ ኮርስ ይበቃችኋል። አምስት ሚሊዮን ኮደርስ የሚባለው የመንግሥት የኮዲንግ ስልጠና ነጻ ነው፣ የዌብ ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ፣ የዳታ ሳይንስና የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መነሻ ኮርሶች አሉት፣ ስትጨርሱ ሰርተፍኬት ይሰጣችኋል። ካን አካዳሚም ነጻ ነው፣ ለሒሳብና ለሳይንስ መሠረት በጣም ጥሩ ነው። ኮርሴራ ላይ የሚከፈልበት ኮርስ ካማራችሁ ኮርሱ ገጽ ላይ ፋይናንሻል ኤይድ (የክፍያ ድጋፍ) የሚል አለ፣ ለምን እንደምትፈልጉት በራሳችሁ ቃል ጽፋችሁ አመልክቱ፣ መልሱ ሁለት ሳምንት አካባቢ ስለሚወስድ ቀደም በሉ።

ዲግሪ ከሆነ የምትፈልጉት ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ደረጃ 2ን ሁለቴ አንብቡት።

እዚህ ላይ የማምንበትን ልናገር፦ 12ኛ ጨርሳችሁ ምደባ ወይም ሬሜዲያል ከደረሳችሁ ግቢ ግቡ፣ ኦንላይኑን ከጎን ያዙት። ላብ እና ልምምድ ያለው ትምህርት ደሞ፣ ነርሲንግ በሉት ፋርማሲ በሉት ሲቪል ኢንጂነሪንግ፣ ሙሉ በሙሉ ቤት ቁጭ ብሎ የሚማሩት አይደለም፣ ቤታችሁ ሆናችሁ እናስተምራችኋለን የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ልምምዱ የት እንደሚሰጥ ጠይቁ። ኦንላይን በጣም የሚጠቅመው ስራ ላይ ላለ ሰው፣ ልጅ ይዛ ቤት ላለች እናት፣ ዲግሪ ኖሮት ሌላ ሙያ ለሚጨምር ሰው ነው። ለነሱ እውነትም በር ይከፍታል።

ደረጃ 2፦ ፈቃዱን አጣሩ

የአገር ውስጥ ተቋም ከሆነ

ፈቃድ የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው የት ላይ መሰላችሁ፣ ተቋሙ ፈቃድ አለው ሲባል በቃ ሁሉም ነገር አለው ብሎ ያስባል። ፈቃድ ግን ለየፕሮግራሙ ነው የሚወጣው፣ በመደበኛ የተፈቀደ ትምህርት በርቀት ወይም በኦንላይን ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ስለዚ ሬጅስትራሩ ጋ ስትሄዱ እነዚህን ጠይቁ፣ መልሱን በወረቀት እዩ፦

1. ይሄ ትምህርት ክፍል በዚህ ደረጃ (ዲግሪ፣ ማስተርስ) ፈቃድ አለው ወይ?
2. ፈቃዱ ለኦንላይን ነው፣ ለርቀት ነው ወይስ ለመደበኛ?
3. እስከ መቼ ነው የሚያገለግለው?

ከዛ በኋላ የነገሯችሁን ባለሥልጣኑ ጋ አመሳክሩ። "በሂደት ላይ ነው" ከተባላችሁ ፈቃድ የለውም ብላችሁ ተመለሱ፣ ሲያገኝ ትመዘገባላችሁ።

አንድ ነገር ደሞ አትርሱ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚጨርስ ሰው የመውጫ ፈተና ይፈተናል፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፣ የግል ኮሌጅም ተማሪ ቢሆን አይቀርለትም። ቤት ሆኜ በቀላሉ እጨርሳለሁ ብሎ የገባ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚቆመው፣ ስለዚ አሳይመንት እየገለበጣችሁ የምታልፉበት ትምህርት ከሆነ ገንዘባችሁን አታቃጥሉ።

የውጭ ተቋም ከሆነ

"ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል" አይነቶቹ ለማስተማሩ አያስከፍሉም፣ ግን የማመልከቻና ለየኮርሱ የምዘና ክፍያ በዶላር አለባቸው። ነጻ የሚለውን ቃል ብቻ አይታችሁ አትግቡ፣ የሁሉንም ኮርስ ክፍያ ደምሩና በዛሬው ምንዛሪ አባዙት። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዶላር ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ፣ አምና በብር ያሰባችሁት ሂሳብ ዘንድሮ አይሰራም። የብር ካርዳችሁ ደሞ ውጭ አይከፍልም፣ ባንካችሁ የዶላር ካርድ የሚሰጥ መሆኑንና ምን ማሟላት እንዳለባችሁ ከማመልከታችሁ በፊት ጠይቁ።

ወረቀቱን እዚህ አገር ልትሰሩበት ከሆነ አቻ ግምት (ዲግሪያችሁ ከአገር ውስጡ ጋር እኩል ነው የሚል ማረጋገጫ) ያስፈልጋችኋል። የ12ኛ ክፍል ውጤታችሁን ይዛችሁ ይሄ ተቋም በኦንላይን የሚሰጠው ዲግሪ ይገመታል ወይ ብላችሁ ባለሥልጣኑን ቀድማችሁ ጠይቁ። አራት ዓመት ተምሮ ከዛ መጠየቅ ያሳዝናል።

ስማችሁን ስትሞሉ ተጠንቀቁ

ፎርሙ ላይ ስምና የቤተሰብ ስም ብሎ ሁለት ቦታ ነው የሚሰጣችሁ። ፋይዳችሁ ወይም ፓስፖርታችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል እንደተጻፈው አንድ ፊደል ሳታዛንፉ ጻፉ። ፓስፖርት ላይ በአንድ አጻጻፍ፣ ሰርተፍኬት ላይ በሌላ ከሆነ በኋላ የሁለት ሰው ወረቀት ነው የሚመስለው፣ ማስተካከሉም ወራት ይፈጃል።

ማስጠንቀቂያ፦ ቴሌግራም ላይ "እናስመዝግባችሁ፣ በቴሌብር ይሄን ያህል ላኩ" የሚሉትን እለፏቸው። ነጻ የሆነ ኮርስ አስመዝጋቢ አያስፈልገውም። የይለፍ ቃላችሁንና ስልካችሁ ላይ የሚመጣውን ቁጥር ለማንም አትስጡ።

ደረጃ 3፦ ቤታችሁን ሁለት ሳምንት ፈትኑት

ዋናው ይሄ ነው።

1. አንድ ነጻ ኮርስ ምረጡ፣ ማንኛውም ይሁን።
2. በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት፣ ሰዓቱ የማይቀያየር ያዙ። በኋላ ልትማሩበት ያሰባችሁት ሰዓት ራሱ ይሁን።
3. ደብተር ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ መብራት የጠፋበት ሰዓት፣ ኔት የቆመበት ሰዓት፣ ሰው የጠራችሁ ጊዜ። ማን እንደጠራችሁና ለምን እንደሆነም ጻፉ።
4. በሁለት ሳምንቱ መጨረሻ ቁጠሩ።

ከአስሩ ቀን ሰባቱንና ከዛ በላይ ሁለት ሰዓት ሞልታችሁ ከተማራችሁ ተመዝገቡ። አምስት ወይም ስድስት ከሆነ ደብተሩ ላይ ደጋግሞ የመጣው ምን እንደሆነ እዩና እሱን አስተካክላችሁ ድጋሚ ፈትኑ። ከአምስት በታች ከሆነ ዴድላይን ያለው ትምህርት ውስጥ አሁን አትግቡ፣ በራሳችሁ ፍጥነት የሚሄድ ኮርስ ያዙ።

ይሄን ቁጥር እኔ ነኝ ያወጣሁት፣ ግን ሙከራው ላይ ያልተሳካለት ቤት ከከፈላችሁ በኋላ በራሱ አይስተካከልም፣ ይሄን እመኑኝ። አከራይ ግቢ ውስጥ ከሆናችሁ፣ ማራኪ አካባቢ ክፍል ተከራይታችሁ የምትኖሩ ማለት ነው፣ በዚሁ ሁለት ሳምንት ውስጥ አከራያችሁን ማታ ላፕቶፕ እንደምትጠቀሙ፣ መብራት አብርታችሁ እንደምታመሹ ንገሯቸው። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ሂሳቡን አብራችሁ ተነጋገሩ። ሳይነገራቸው ቀርቶ በፈተና ማታ መብራት አጥፉ ቢሏችሁ መከራከሪያ የላችሁም።

ደረጃ 4፦ መብራትና ኔት

መብራት

ራውተራችሁን ገልብጡና ጀርባው ላይ ያለውን አንብቡ፣ አብዛኛው 12 ቮልት 1 አምፒር ነው፣ 9 ቮልት የሆነም አለ። ለሱ የሚሆን ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ራውተሩን የሚያቆይ ትንሽ ባትሪ) ይሸጣል፣ ወይም ከፓወር ባንክ ወደ 12 ቮልት ከፍ የሚያደርግ ገመድ አለ። 20,000 ሚሊ አምፒር አወር የሆነ ደህና ፓወር ባንክ እንዲህ አይነቱን ራውተር አራት አምስት ሰዓት ያቆየዋል። ቮልቱ ካልገጠመ ግን አትሰኩት፣ 9 ቮልት ራውተር ላይ 12 ሰክቶ ማቃጠል አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ፋይበር ካላችሁ ግድግዳው ላይ ያለችው ትንሿ ሳጥንም መብራት ትፈልጋለች፣ ራውተሩን ብቻ አስነስታችሁ ኔት የለም አትበሉ።

ላፕቶፑ ባትሪው የሞተ ከሆነ ከማንኛውም ክፍያ በፊት ባትሪ ቀይሩ። ባትሪው የማይይዝ ላፕቶፕ ይዞ ኦንላይን መማር መብራት በጠፋ ቁጥር ከክፍል መባረር ነው።

እንጀራ የሚጋገርበትን ቀን እወቁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ይስባል፣ በተለይ መስመሩ ደካማ የሆነ ሰፈር ምጣድ ሲጣድ መብራቱ ደከም ይላል፣ ራውተሩ እየጠፋ ይነሳል፣ እናንተ ኔቱን ትሰድባላችሁ። ቀኑን ጠይቁ፣ በዛ ሰዓት ቪዲዮ ለማየት አታቅዱ፣ ንባብ ወይም በወረቀት የሚሰራ ነገር አድርጉበት።

መብራት ሲጠፋ ወዲያው ቻርጀሩንና ራውተሩን ከዲቫይደሩ ንቀሉ። ሲመለስ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ ሰኩ፣ አንዳንዴ ከፍ ብሎ ይመጣና ያቃጥላል፣ ወይ ደሞ መጥቶ ወዲያው ይመለሳል። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምርም እንደዛው፣ ሳይጠፋ ንቀሉ።

ዳታ

መጀመሪያ ሂሳቡን ስሩ። ዩቲዩብ በ360 ጥራት ለአንድ ሰዓት ወደ 300 ሜጋ አካባቢ ይበላል፣ በ720 ካያችሁት ከአንድ ጊጋ ያልፋል። ዙም ላይ ብዙ ሰው ያለበት ክፍል ካሜራ ተከፍቶ በሰዓት አንድ ጊጋ ገደማ ነው። እንበል በሳምንት ሦስት ሰዓት ቪዲዮ በ360 እና ሦስት ሰዓት ዙም አላችሁ፣ በሳምንት አራት ጊጋ፣ በወር አስራ ስድስት ጊጋ ማለት ነው፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ሳይጨመር። ይሄ በወር ስንት ብር እንደሚመጣ *999# ገብታችሁ ከጥቅሎቹ ጋር አስተያዩት፣ ከትምህርት ክፍያው ጋር ደምሩት።

ከዛ የሚያፈሱትን ዝጉ፦

- ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ዳታና ስቶሬጅ ግቡ፣ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ አጥፉት። የብዙ ሰው ጥቅል የሚያልቀው በዚህ ነው።
- ላፕቶፑን ከስልክ ዳታ ስታገናኙ ዊንዶውስ ላይ "ሚተርድ ኮኔክሽን" የሚለውን አብሩ፣ ካልሆነ አፕዴቱን በናንተ ጥቅል ያወርዳል።
- ጎግል ፎቶና የመሳሰሉት ባክአፕ በዋይፋይ ብቻ ይሁን።

ቪዲዮዎችን በሌሊት ጥቅል አውርዷቸው፣ ኮርሴራ ስልክ አፕ ላይ ማውረጃ አለው። ሁልጊዜ ከምትማሩበት ሳምንት አንድ ሳምንት ቀድማችሁ አውርዱ። እዚህ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን፣ ያኔ ስልኩ ላይ ያወረደ ሰው ቢያንስ ንባቡን ቀጥሏል። የትምህርት ክፍሉን ስልክ ቁጥር ደሞ በወረቀት ጻፉ፣ ኢሜይል በማይሰራበት ቀን ደውላችሁ ወይም ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ አስደውላችሁ ማሳወቅ ትችላላችሁ።

ሁለት ሲም ያዙ፣ አንድ የኢትዮ ቴሌኮም አንድ የሳፋሪኮም፣ ክፍላችሁ ውስጥ የትኛው የት ጥግ ላይ እንደሚሻል ሞክሩ። ወንበራችሁን የምታስቀምጡት እዛ ነው።

ደረጃ 5፦ ቤተሰብ

ብዙዎቹ የሚወድቁት እዚህ ነው፣ ሊያወሩት ግን ያፍራሉ። ቤት ያለ ሰው ስራ የፈታ ነው የሚመስለው። ወፍጮ ቤት ድረስ፣ ሱቅ ላኩት፣ ልጁን ያዝለት፣ እንግዳ መጥቷል ቡና አፍዪ። ሴት ልጆች ላይ ይብሳል፣ ወንድሟ ላፕቶፕ ከፍቶ ሲቀመጥ "ይማራል" ይባላል፣ እሷ ስትከፍት "ስልክ ላይ ናት" ነው የሚባለው። ይሄ መስተካከል አለበት፣ የሚስተካከለው ግን በኩርፊያ አይደለም።

1. ቀኑን ሙሉ አትጠይቁ፣ ሁለት ሰዓት ጠይቁ። የደብተሩን ውጤት ይዛችሁ ቅረቡ፦ "እማዬ፣ ከ10 ቀን 6ቱን አቋርጫለሁ፣ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ቁጠሪኝ፣ ሰው ቢመጣ ትምህርት ላይ ናት በይልኝ።"
2. ከዛ በፊት የሚሰራውን ሰርታችሁ ጨርሱ። ውሃው ተቀድቶ ቤቱ ተጠርጎ ከሆነ ጥያቄያችሁ ክብደት አለው።
3. አባታችሁን ወይም ታላቅ የሆነ የሚሰማ ሰው፣ አጎት በሉት አክስት፣ አንድ ቀን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ክፍሉን አሳዩት። መምህር ሲያስተምር፣ ስማችሁ ሲጠራ በዓይኑ ካየ ጉዳዩ ያልቃል።
4. በር ካለ ዝጉ፣ ከሌለ ጀርባችሁ ወደ ግድግዳ ሆኖ ተቀመጡ፣ ጆሮ ላይ ማዳመጫ አድርጉ። ማዳመጫ ያደረገን ሰው ትንሽ ቆም ብለው ነው የሚጠሩት።

ለቅሶ፣ ሰርግ፣ የታመመ መጠየቅ አይቀርም፣ መቅረትም የለበትም፣ ጎረቤት የሞተበት ቀን ክፍል አለኝ የሚል ሰው በኋላ እሱም ብቻውን ነው የሚቀረው። ስለዚ በሳምንት አንድ ቀን ባዶ ተዉ። ሀዘን ከመጣ ያ ቀን ይከፍላል፣ ካልመጣ ያደረውን ትሰሩበታላችሁ። ቅዳሜ ገበያ የምትላኩ ከሆነ ቅዳሜን አትቁጠሩት።

ጥር ላይ በጣም ተጠንቀቁ። ከጥር 10 እስከ 12 ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ቤታችሁም ጭምር፣ ኔትወርኩም ይጨናነቃል። በፈረንጅ ከጃንዋሪ 17 እስከ 21 ፈተና ወይም ትልቅ አሳይመንት የሚያርፍበት ተርም ከሆነ ስራውን ከገና በፊት ጨርሱ፣ ካልተቻለ ቀጣዩን ተርም ጠብቁ።

ደረጃ 6፦ ሰዓቱን ቀይሩት

ሰርታችሁ ጨርሳችሁ ዜሮ የምታገኙበት ቦታ ቢኖር ይሄ ነው።

ሰዓቱ በጂኤምቲ (GMT ተብሎ የሚጻፈው የዓለም መነሻ ሰዓት) ከተጻፈ 3 ቀንሱ፣ የኛ ሰዓት ይመጣል። 14፡00 ከሆነ የኛ 11 ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው። 18፡00 ከሆነ 15 ይመጣል፣ 12 ስትቀንሱ 3 ሰዓት ማታ። ይሄን ላፕቶፑ ላይ ለጥፉት።

ዴድላይን ብዙ ጊዜ እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው፣ 23፡59 ነው የሚሆነው፦

- በጂኤምቲ ከሆነ የኛ ከሌሊቱ 8፡59 ነው።
- ከጂኤምቲ 5 ሰዓት ወደኋላ ከሆነ (ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል በዚህ ነው የሚሄደው) በማግስቱ ጠዋት 1፡59 ነው።
- በካሊፎርኒያ ሰዓት ከሆነ በማግስቱ ከጠዋቱ 4፡59፣ እነሱ በጋ ላይ ሰዓት ሲቀይሩ ደሞ 3፡59።

ግን እስከዛ ደቂቃ አትጠብቁ፣ የናንተ ዴድላይን ከዛ በፊት ባለው ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት ይሁን። ማታ መብራት ቢጠፋ እንኳ ለመሯሯጥ ጊዜ አላችሁ። ቀኖቹን የስልክ ካላንደር ላይ በፈረንጅ አስገቡ፣ ግድግዳ ላይ በኛ ጻፉ፣ ሁለቱንም።

ደረጃ 7፦ የቀጥታ ክፍልና ፈተና

ከ15 ደቂቃ በፊት ግቡ። ካሜራ ግዴታ ካልሆነ አጥፉ፣ ድምፅ ብቻ ከሆነ የሚበላው ዳታ በጣም ያንሳል። ማይካችሁ ዝግ ይሁን፣ በተለይ በጾም ቤተክርስቲያን አቅራቢያ ከሆናችሁ የቤተክርስቲያኑ የድምፅ ማጉያ እንደሚገባ አስቡና ማዳመጫ ከማይክ ጋር ያለው ተጠቀሙ።

ካሜራ እያየ የሚፈትን ፈተና ካለ ፈተናውን ቤት ለመፈተን አትቸኩሉ። ከአንድ ሳምንት በፊት የሙከራ ፈተናውን ቤታችሁ ሞክሩ። አንዴ እንኳ ከተቋረጠ ጄኔሬተር ያለው ቦታ ፈልጉ፣ ፒያሳ አካባቢ ቢሮ ያለው ዘመድ ወይም ጓደኛ ካለ ለሁለት ሰዓት ክፍል ለምኑ። ካፌ ለንባብና ለማውረድ ጥሩ ነው፣ ለእንዲህ አይነት ፈተና ግን አይሆንም፣ ከኋላችሁ ሰው ካለፈ ኩረጃ ተብሎ ሊያዝ ይችላል።

ነገር ሲበላሽ

ክፍል ላይ ሳላችሁ መብራት ጠፋ፦ አትውጡ፣ በስልክ ዳታ ወዲያው ተመለሱ፣ ቻት ላይ "መብራት ጠፍቶብኝ ነው" ብላችሁ ጻፉ። መምህሩ ያወቀው ነገር ሌላ ነው፣ ሳያሳውቅ የቀረ ተማሪ ተብላችሁ አትቆጠሩም።

ፈተና መሀል ላይ ተቋረጠ፦ ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ሰዓቱ ይታይ። ሲመለስ ድጋሚ ለመግባት ከመሞከራችሁ በፊት ለመምህሩ አጭር ኢሜይል ላኩ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደተቋረጠ፣ ስንተኛ ጥያቄ ላይ እንደነበራችሁ ከነፎቶው። ማግስቱን የተላከ ማስረጃ ብዙም አያሳምንም።

ፋይሉ አልገባ አለ፦ መጠኑን ቀንሱት፣ ወርድ ፋይሉን ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩ፣ አሁንም ካልሆነ በስልክ ሞክሩ። ሁሌም አንድ ኮፒ ቴሌግራም ላይ ሴቭድ ሜሴጅ ውስጥ አስቀምጡ፣ ላፕቶፑ ቢሞት ከማንኛውም ስልክ ታወጡታላችሁ።

ሁለት ሳምንት ወደኋላ ቀራችሁ፦ ካቆማችሁበት አትቀጥሉ። ዛሬ ክፍሉ ካለበት ሳምንት ጀምሩ፣ ነጥብ ያለውን አሳይመንት ብቻ ወደኋላ ተመልሳችሁ ስሩ፣ ያመለጣችሁን ቪዲዮ በባዷ ቀን እዩ። ኮርሴራ ላይ ከሆነ ዴድላይኑን ሪሴት ማድረግ ይቻላል። ሦስት ሳምንትና ከዛ በላይ ካለፋችሁ፣ የምትከፍሉበት ትምህርት ከሆነ ደሞ፣ ያለ ኤፍ የምታቋርጡበት የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነ ዛሬውኑ ሬጅስትራሩን ጠይቁ፣ ቀኑ ሳያልፍ ዊዝድሮው (የማቋረጫ ፎርም) ሙሉና ቀጣይ ተርም ተመለሱ።